በማኅደር ያለችው ድመት

እታገኘሁ መጽሐፍ የምታነበው ዘቅዝቃ ነው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ፣ ሳቅ የከለከለ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ሳለች አባቷ ወንድሟን አስማረን ፊደል ሲያስቆጥሩት ቤቱ ውስጥ የነበረው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር። አስማረ መጽሐፉን ፊት ለፊቱ ይዞ ይቀመጣል፤ እሷ ደግሞ ከማዶው ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። እሷን ላስተምር ብሎ የተነሣ ሰው አልነበረም። ግን ዓይን አጥር የለውምና፣ አስማረ በአርጩሜ እየተገረፈ አልገባው ያለውን ፊደል እሷ ሳትገረፍ ለቀመችው። ለቀመችው እንጂ፣ ፊደሉ ሁሉ ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ ነበር። ኋላ ትምህርት ቤት ስትገባ መምህሩ መጽሐፉን ያቃናላታል፣ እሷ መልሳ ትዘቀዝቀዋለች። እንዲህ እየተሟገቱ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች፤ ከዚያ ዳሯት።

አርባን ከተሻገረች በኋላ ግን ይህ የተዘቀዘቀ ዕውቀቷ ሥራ ሆነላት። ከድብ ባሕር ከፍ ብላ ባለችው የማርያም ጎጥ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር ሕፃናት ሰብስባ ታነብላቸዋለች። መጽሐፉን ፊቱን ወደ ልጆቹ አዙራ ትይዘዋለች። እነሱ ሥዕሉን ያያሉ፣ እሷ ከአናቱ በኩል ቁልቁል እየተመለከተች ታነባለች። ለዚህ የንባብ ሥራ ጎንደር ላይ ያሠለጠነቻት የትነበርሽ የምትባል ወጣት በሥልጠናው ላይ ይህን ባየች ጊዜ አፏን ይዛ ቀረች።

“ይኼን ደግሞ ማን አስተማረሽ?” አለቻት።

“ድህነት ነዋ” አለች እታገኘሁ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ሥልጠናው ላይ የተነገራት ነገር ቀላል ይመስል ነበር። ልጅ ማንበብ የሚጀምረው ትምህርት ቤት ሲገባ አይደለም፤ እናቱ ስታዋራው፣ አባቱ ተረት ሲነግረው፣ መጽሐፍ በእጁ ይዞ ሲያገላብጥ ነው። እናንተም ቤት ለቤት እየዞራችሁ ይህን ለወላጆች ንገሩ፣ ተባሉ። ስስ የሥዕል መጻሕፍት የሞላበት ቦርሳም ተሰጣት። ባሏ ሙሉሰው ቦርሳውን ሲያይ፣ “ደመወዝ የሌለው ሹመት አገኘሽ” ብሎ ቀለደባት። ቢቀልድም በመጀመሪያው ዙር ቦርሳውን ተሸክሞ የሸኛት እሱ ነው።

ለአፍ የቀለለው ግን ለእግር ከበደ። እናቶቹ ቁጭ ብለው ሰሟት፤ ሰምተውም ሲያበቁ ያን የታወቀውን ተረት ወረወሩባት፤ “ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት!” የአያ በላቸው ሚስት አባይነሽማ ይባስ ብላ፣ “ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ምን አወራለሁ? ነገር የለን፣ ሽምግልና የለን!” አለቻት። እታገኘሁ ተስፋ አልቆረጠችም። ባቄላ አብራ እየፈለፈለች፣ ልጅቷን እየጠራች፣ “ይኼ ምንድን ነው? ትልቁ የትኛው ነው? እስቲ ይኼ ባቄላ ቢናገር ምን ይላል?” ማለት ጀመረች። ልጅቷ አሰብ አድርጋ፣ “አትፈልፍሉኝ ይላል” አለች። አባይነሽ ሳታስበው ሳቀች። ባቄላ ያናገረችው ያቺ ልጅ ፀደይ ናት።

ፀደይና ታናሿ ምንዳዬ የሚኖሩት ከአያታቸው ከአያ በላቸው ጋር ነው። አባታቸው ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ቀረ፤ እናታቸውም ሌላ ባል አግብታ ርቃ ሄደች። አያ በላቸው ደግ ሰው ነው። ፊደል የሚባል ነገር ግን አያውቅም። አባቱ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ፤ እሱ ግን በልጅነቱ ከብቱም እርሻውም በሱ ላይ ስለወደቀ፣ ከአባቱ የወረሰው ንባቡን ሳይሆን መጽሐፉን ብቻ ነው። ያ ዳዊት በቆዳ ማኅደሩ እንደተከተተ ከግድግዳው ተሰቅሏል፤ አያ በላቸው ጠዋት ጠዋት ማኅደሩን ተሳልሞ ይወጣል።

እታገኘሁ ለፀደይ የሰጠቻት መጽሐፍ ዝናብ የምትፈራ የአንዲት ድመት ተረት ነበር። በየገጹ ካለው ሥዕል ሥር አንድ አንድ መስመር ብቻ ተጽፎበታል። ዝናብ መጣ፤ ድመቷ አልጋ ሥር ገባች። ዝናብ ሄደ፤ ድመቷ ወጣች። እንዲህ እየተባለ መጨረሻ ላይ ድመቷ በዝናብ ውስጥ ትጨፍራለች። መጽሐፉን ሰጥታ ሰንበትበት ብላ ስትመለስ፣ ፀደይ አንዲት ቃል እንኳ አላወቀችም።

“አያ፣ መጽሐፉ የት ደረሰ?”

“አለ። በደኅና ነው ያለ” ብሎ አያ በላቸው በኩራት ወደ ግድግዳው አመለከተ።

ከዳዊቱ ጎን አዲስ ትንሽ ማኅደር ተሰቅሏል። የፍየል ቆዳ አልፍቶ፣ ፋቂ ዘንድ ወስዶ፣ በልኩ አሰፍቶለት ነው። ማንገቻም አለው። እታገኘሁ ሳቋ መጣ፤ ከሳቋ ጋር ደግሞ እንባዋም መጣ።

“ኧረ አያ! ይኼ እኮ የድመት ተረት ነው! ምነው ሰቀልኸው?”

“ፊደል አለበት የለበትም?”

“አለበት።”

“እንግዲያስ! ፊደል ያለበት ነገር መሬት ላይ ይጎተት? ያውም በዚህ እድፋም እጇ?”

ሙግቱ ከባድ ነበር። መጽሐፍ የሚበላሸው ሲነኩት ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ መጽሐፍ የሚሞተው ሳይነኩት ሲቀሩ ነው ቢሉት ከየት ይገባዋል? በመጨረሻ ታረቁ። ፀደይ እጇን ትታጠባለች፤ ቁርበት ላይ ትቀመጣለች፤ መጽሐፉን ተሳልማ ታወጣለች፤ ስትጨርስም ተሳልማ ማኅደሩ ውስጥ ትከታለች። እንዲህ ሆነና በማርያም ጎጥ አንዲት ዝናብ ፈሪ ድመት በየቀኑ ሲሳለሟት ከረመች። ቄሱ ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበረ አይታወቅም።

እታገኘሁ ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቀው ለጣት ነበር። በዚያ አገር ልጅ ሁሉ ሀሁን በዜማ ይወርደዋል፤ ከዳር እስከ ዳር ሲለው ላየ ሰው ሊቅ ይመስላል። መካከል ላይ አንዷን ፊደል ነጥሎ “ይቺ ማን ናት?” ሲሉት ግን፣ ከሀ ጀምሮ ሮጦ ካልመጣ አያገኛትም። መንገዱን ያውቃል፣ ቤቶቹን አያውቅም። ስለዚህ እታገኘሁ ልጆቹን፣ “አፍሽ ሳይሆን ጣትሽ ያንብብ። ጣትሽ ያልነካውን አፍሽ አይናገር” ትላቸው ነበር። ፀደይ ይህን ቶሎ ያዘች። ጣቷን ድመት የሚለው ቃል ላይ አሳርፋ፣ ፊደል በፊደል እየገፋች፣ ግንባሯ እስኪያልባት “ድ… መ… ት” ያለች ቀን እታገኘሁ አቅፋ አገላብጣ ሳመቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ፊደል እያደነች መዞር ጀመረች። አንድ ቀን በፀሐይ የሚሠራ መብራት የመጣበት ካርቶን ላይ የስሟን መነሻ አገኘችና፣ “ፀ! የኔ ናት! የኔ ናት!” እያለች ጎጡን ዞረችው። በዚያ ሰሞን እታገኘሁ ደስተኛ ሴት ነበረች። ይህች ልጅ አንደኛ ክፍል ስትገባ ከማንም አታንስም ብላ አሰበች፤ ለራሷም ለልጅቷም የተመኘችው ይህን ብቻ ነበር።

ቀን ግን ጎደለ። ግጭትና ግርግር መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ለጊዜው ነው ተባለ፤ ጊዜው ክረምትና በጋ ተፈራረቁበት። የበሩ ቁልፍ ዛገ። በመማሪያ ክፍሎቹ መካከል ሣሩ ወገብ ደረሰ፤ የጎጡ ሰውም እያጨደ ለከብቱ ወሰደው። ሰው ሰብሰብ ሲል የሚያይ ዓይን በዛና ከወይራው ሥር የሚደረገውም ንባብ ቀረ። እታገኘሁ ቦርሳዋን አንግታ ቤት ለቤት ሄደች፤ አንዳንድ ቀን መንገድ ያስኬዳል፣ አንዳንድ ቀን አያስኬድም። አምና ስማቸውን ይጽፉ የነበሩ ልጆች ዘንድሮ እርሳሱን እንደ ማንኪያ ጨብጠው ሲይዙት አየች። እሷም በአንድ አፍና በአንድ ቦርሳ ምን ታደርግ? የምትጨምረው ከሚፈስሰው አልደርስ አላት።

ፀደይ ሰባት ዓመት ሞላት፤ አንደኛ ክፍል መግቢያዋ ነበር። በዚያን ጊዜ ነው የአያ በላቸው የአጎት ልጅ፣ የይበልጣል አባት፣ ከጎንደር መልእክት ይዞ የመጣው። ልጁ ይበልጣል ጎንደር ሆስፒታል የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ሚስቱ ቃልኪዳን ዩኒቨርሲቲ ትሠራለች። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ ላይ ቤት ሠርተዋል፤ ወልደዋል። ሕፃኑን አቀፍ የምታደርግላቸው የዘመድ ልጅ ይፈልጋሉ፤ እያስተማሩ ያሳድጓታል። አያ በላቸው ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ በማለዳ እታገኘሁ ዘንድ ሄደ።

“እታገኝ፣ ምን ትይኛለሽ? እኔ እንደሆን ፊደል የለኝ። አንቺ የምትይኝን ነው የማደርግ።”

እታገኘሁ ወደ ተዘጋው ትምህርት ቤት አየች። ከዚያ ወደ ሰውየው አየች። “የጨነቀው እርጉዝ ያገባል” የሚሉት ይህን ነው።

“ከተማ ትምህርት አለ፣ አያ። ትሂድ” አለችው።

ፀደይ የሄደች ቀን አያቷ ትንሹን ማኅደር ከግድግዳ አውርዶ በአንገቷ አንጠለጠለላት። መኪናው ላይ ስትወጣ ያቺን ትንሽ ቆዳ በሁለት እጇ ጭብጥ አድርጋ ይዛ ነበር። አያ በላቸው በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። “እዚያ ሄደሽ አንብቢ እሺ! እኔ በሰው በኩል እጠይቃለሁ!” ብሎ ጮኸ። ጠያቂው ሰው ማን እንደሚሆን እታገኘሁ ያን ጊዜም ታውቅ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ መንገዱ ሻል ሲል እታገኘሁ ለማደሻ ሥልጠና ጎንደር ተጠራች። ሥልጠናው ባለቀ ማግሥት አንድ እንቅብ ባቄላ ይዛ፣ ባጃጅ ተሳፍራ ፀዳ ወረደች። ቤቱ አዲስ ነው፣ ግድግዳው በብሎኬት የተሠራ። በሩን የከፈተችላት ፀደይ ናት፤ ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላለች። ቁመቷ ጨምሯል፤ ፀጉሯ ሸጋ ሆኖ ተሠርቷል፤ ልብሷ ንጹሕ ነው። እታገኘሁን ስታይ ቀድማ የጠየቀችው ስለ ምንዳዬ ነው።

“ምንዳዬ ጥርሷ ወለቀ?”

“ወልቋል። ከፊት ነው የወለቀ።”

“ጣሪያው ላይ ጣለችው?”

“ጣለችው፣ እቴ።”

ቃልኪዳን ክፉ ሴት አይደለችም። ይህ ነው ነገሩን የሚያከፋው። ክፉ ብትሆን እታገኘሁ ተጣልታ ትገላገል ነበር። ቃልኪዳን ግን ከሥራ ገብታ እንግዳዋን ስታይ አቅፋ ሳመቻት፤ ምሳ አቀረበች፤ “ይብሉ እንጂ፣ ምነው እጅዎን ሰበሰቡ?” እያለች አጎረሰቻት። ሳሎኑ ውስጥ በመስተዋት የተዘጋ ብፌ አለ፤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ብርጭቆ፣ ታችኛው ላይ መጻሕፍት ተደርድረዋል። ቁልፉ ከላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሕፃኑ እንዳይቀድ። እታገኘሁ ይህን አይታ የአያ በላቸውን ግድግዳ አስታወሰች። በሰው ቤት እየበሉ የሰው ቤት አይተችም።

“ማሙሽ ገና ሁለት ዓመት አልሞላው፤ የሚያውቀውን ቃል ቢሰሙ!” አለች ቃልኪዳን። “ፀዲ ናት እኮ። ስገባ ሁልጊዜ ስታወራው፣ ስትጠይቀው፣ ተረት ስትነግረው ነው የምደርሰው። ዶሮውንም ድንቹንም ታናግርለታለች። እኔ በስልኬ ስንት ነገር አንብቤያለሁ፣ ሕፃን በዚህ ዕድሜው የሚያወራው ሲያገኝ ኋላ ለንባብ አይቸገርም ይላሉ። ይህችን ልጅ እግዚአብሔር ነው የሰጠን።”

“ልክ ነው” አለች እታገኘሁ። ሌላ ምን ትበል? የሚወራው የራሷ ትምህርት ነው። ቤት ለቤት ዞራ፣ ተስቆባት፣ ከባቄላ ጋር እያወራች የዘራችው ዘር እነሆ በቅሏል፤ በቅሎም ያፈራው ለማሙሽ ነው። ማሙሽ አያድግ፣ አይማር ያለ የለም። ግን ማሙሽ ያለ እሷም እናትና አባቱ የሚያነቡለት ልጅ ነው።

“ትምህርትስ? ፀደይን ማለቴ ነው” አለች ቀስ ብላ።

“ለከርሞ ነው፣ በእርግጥ! ዘንድሮ እኮ ማሙሽን የሚይዝልን ሰው አጣን። ለከርሞ ሕፃናት ማቆያ ሲገባ እሷም ትገባለች። ደግሞ ብዙም አልቀረባት፤ ማንበቡን እንደሆን ትችላለች። ፀዲ! መጽሐፍሽን አምጪና አሳያቸው እስቲ!”

ፀደይ ማሙሽን አወረደች። እጇን ታጠበች። ከወጥ ቤቱ ጎን ካለችው ክፍሏ፣ ከአልጋዋ በላይ ካለው ምስማር ማኅደሩን አውርዳ መጣች። መጽሐፉን ተሳልማ አወጣችው። ማሙሽን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ እሱም እንደ ለመደ ሰው ዝም ብሎ ተደገፋት። እታገኘሁ ከማዶ ወንበር ላይ ነበረች፤ መጽሐፉ ለእሷ ተዘቅዝቋል፤ ለእሷ የተዘቀዘቀ ማለት ደግሞ የቀና ማለት ነው።

“ዝናብ መጣ፤ ድመቷ አልጋ ሥር ገባች” አለች ፀደይ፣ በሚያምር ድምፅ። ጣቷ በመስመሩ ላይ ይሄዳል። “ዝናብ ሄደ፤ ድመቷ ወጣች።”

ገጾቹ በእርጥበት ተጣብቀው ኖሮ አልገለጥ አሏት። ሥዕሉ ላይ ድመቷ ገና አልጋ ሥር ናት፤ ጅራቷ ብቻ ይታያል። የፀደይ አፍ ግን አልቆመም። ድመቷ ደጃፍ ቆመች፣ እግሯን አስነካች፣ አንድ ጠብታ አፍንጫዋ ላይ አረፈ፤ ሁሉንም አለችው፣ ቃል ሳትስት፣ ሳቅ በሚያስፈልግበት እየሳቀች፣ ዓይኗ ማሙሽ ላይ እንደሆነ። ጣቷም ሄደ፣ ብቻውን፣ እንደ ታወረ ሰው በትር። መጽሐፉ ላይ ድመቷ አልጋ ሥር እንደ ሆነች በፀደይ አፍ በዝናብ ውስጥ ጨፈረች።

ቃልኪዳን አጨበጨበች። “አዩ? አላልኩዎትም?” አለች። ስልኳ ጠራና ወደ ውጭ ወጣች።

እታገኘሁ ከወንበሩ ወርዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እንደ ጨዋታ አድርጋ አንዲት ፊደል ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ መ ናት። “ይቺ ማን ነበረች፣ ፀደይዬ?” አለች።

ልጅቷ አየቻት። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። “ሀ… ለ… ሐ… መ… ሠ… ረ…” እያለች ሮጠች፤ ቤቷን አልፋ ሄደች፤ ቆመች፤ ከሀ ጀምራ ደግማ ሮጠች። ፊቷ ቀላ። ማሙሽም ዝም ማለቱ ሰልችቶት መጽሐፉን ሊጎትት ተንጠራራ።

“የኔን አውቃታለሁ” አለች በስተመጨረሻ። ጣቷን ምራቋን አስነክታ በሴራሚኩ ላይ ፀ ጻፈች። ቆንጆ ፀ ናት። እያዩዋት ደረቀች።

እታገኘሁ ልጅቷን ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። ልቧ በጣም አዘነ። የምትቆጣው ሰው ብታገኝ በወደደች፤ የሚቆጡት ሰው ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

“ለአያ ምን ልበልልሽ?”

“ታነባለች በዪው” አለች ፀደይ፣ ፊቷን ሳታነሣ።

ስትወጣ በሩ ላይ ለቃልኪዳን ነገረቻት፤ ልጅቷ በቃሏ ነው የያዘችው፣ ፊደሉ ጠፍቷታል፣ አንድ ዓመት ሲጨመርበት ጨርሶ ይጠፋታል አለቻት። ቃልኪዳን ከልቧ ደነገጠች። ማታ ማታ እሞክራለሁ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ማታ ማታ ከሥራ ደክማ ስትገባ ምን እንደምትመስል ራሷ ስላወቀችው ቃሉ አፏ ላይ ቀዘቀዘ። “ለከርሞ ግን፣ በማርያም!” ብላ ደገመች። ለከርሞ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እታገኘሁ፣ ስጡኝና ይዣት ልመለስ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ይዛት የት ትሄዳለች? ሣር ወደሚታጨድበት ትምህርት ቤት? ቃሉን ዋጠችና ባጃጅ ጠራች።

በመኪና ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ስታስብ መጣች። ታነባለች ብትል ልጅቷ ትደሰታለች፣ ሽማግሌው ይደሰታል፤ ውሸቱ ግን ፀደይን እዚያው ያስቀራታል። አታነብም ብትል ሽማግሌው ይሰበራል፤ ከተሰበረ ግን ምናልባት ይነሣል፤ ጎንደር ይወርዳል፤ እንደ ዘመድ ተቆጥቶ፣ ልጄን ትምህርት ቤት አስገቧት ወይ መልሷት ይላል። እሱ ሽማግሌ ነው፣ ቃሉ ይሰማል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይህ ዝምታ ግን የሚነቅዝ ነው። እውነቱን እነግረዋለሁ ብላ ቆረጠች።

አያ በላቸው መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቃት። ቤቱ እስኪደርሱ አላስቻለውም።

“ታነባለች?”

እታገኘሁ ትንፋሿን ሳበች። “አታነብም፣ አያ። በቃሏ ነው የምትለው።”

ሽማግሌው ቀጥ ብሎ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። እታገኘሁ ክንዱን ልትይዘው እጇን ዘረጋች።

“በቃሏ?” አለ።

“በቃሏ።”

“ከዳር እስከ ዳር?”

“አዎ፣ ግን…”

“መጽሐፉን ሳታይ?”

“ሳታይ፣ አያ። እሱ እኮ ነው…”

አያ በላቸው አማተበ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። “የነገሯትን የማትረሳ እመቤቴ!” አለ። “አባቴ ዳዊቱን በቃሉ እስኪይዝ ሽበት አወጣ! ይህች ገና ጥርሷን ያልጨረሰች!” ከዚያ ወደ ቤቱ እየተጣራ ሮጠ፤ የዚያ ዕድሜ ሰው ይሮጣል ብሎ ማን ያስባል። “አባይነሽ! አባይነሽ ሆይ! እልል በይ! ልጅሽ በቃሏ ያዘችው!” አባይነሽ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ከደጃፍ እልልታውን ለቀቀችው። ከማዶ ጎረቤቶች ተቀበሏት።

እታገኘሁ ከኋላው ደረሰች። “አያ፣ እንደሱ አይደለም፣ ስማኝ እንጂ! ፊደሉን ረስታዋለች። ሌላ መጽሐፍ ብትሰጣት አንዲት ቃል አታነብም። ጠፍቶባታል ነው የምልህ!”

ሽማግሌው በርኅራኄ አያት። ምስኪን፣ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ብቻ የተማረች ሴት፣ ይህን ከየት ታውቀው የሚል አስተያየት ነበር።

“ልጄ፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። ፊደል ፈረስ ነው። ከደረሱ ወዲያ ማን ኮርቻ ላይ ያድራል?”

የሠለጠነችበት ሁሉ፣ የትነበርሽ ያስተማረቻት ሁሉ፣ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ወንዙ ከላይ እየመጣ ነው፤ እሷ በእፍኟ ትመልስ ይመስል ደጃፉ ላይ ቆማለች። ምንዳዬ በተነቀለው ጥርሷ ቀዳዳ እየሳቀች ቀሚሷን ያዘቻት። ቦርሳውን መነካካት ጀመረች፤ ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለች።

አያ በላቸው ልጅቷን ብድግ አድርጎ አቀፋት። “ይችንም ለፋሲካ እልካታለሁ” አለ። “የይበልጣል እኅት ፀዳ ላይ ወልዳለች አሉ፤ ልጅ ትፈልጋለች። ያቺ እንዲህ ከሆነች ይች ምን ያንሳታል!”

“አያ፣ ተው። ምንዳዬ ትቆይ። እኔ አለሁ፣ እኔ አስተምራታለሁ…”

“አንቺማ የጀመርሽውን ጀምረሻል፣ እግዜር ይስጥሽ” አለ ሽማግሌው። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ ማየት ያሳዝናል። “ብቻ ለይችኛዋም መጽሐፍ አምጪላት። ማኅደሩን እኔ አሰፋላታለሁ።”

በማግሥቱ ለማኅደሩ ቆዳ ፍየል ታረደ። እታገኘሁም የምንዳዬን መጽሐፍ ይዛ መጣች።